ከራስ ዳሸን በላይ፦ በራጅ ዓይን የሚታየው ሰማይ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

  በዛሬው ዝግጅታችን የምናቀርብላችሁ ንግግር ለአንድ ወጣት የምንሰጠው ምላሽ ነው። ወጣቱ ጥያቄውን ካቀረበልን ወራት አልፈዋል። ያን ዕለት ያልመለስንለት ጊዜ አጥተን ሳይሆን መልስ አጥተን ነው። መልሱን ፍለጋ ስንገባ ደግሞ ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ለኒካሕ ተጠርተን ወደ መካነ ብርሃን ተጉዘን ነበር። ከጎንደር ተነስተን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ አደርን። በማግስቱ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ሽቅብ ወጥተን፣ ጅብራው ብርዱን ተቋቁሞ የቆመበትን የቧሂትን ማለፊያ ተሻግረን ቁልቁል ወደ ጃናሞራ ወረድን። ማታ ከኢሻ ሰላት በኋላ ጋቢያችንን ተከናንበን ከአስተናጋጃችን ደጃፍ ተቀመጥን። ሰማዩ፣ ሱብሓነላህ! ኮከቡ እንደ ነጭ ጤፍ ተበትኖ ይታያል። የከተማ መብራት የለመደ ዓይን እንዲህ ያለ ሰማይ መኖሩን ረስቶታል።

የአስተናጋጃችን ልጅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ ማታ ከሸኹ ዘንድ ይቀራል። ቡናችንን ካቀረበልን በኋላ ትንሽ አመነታና፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ?» አለን።

«ጠይቅ» አልነው።

«ዓምና በሬዲዮ ሰማይን ስላጠኑ ቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት ስትናገሩ ሰምቻችሁ ነበር። ደስ ብሎኝ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው። አንዱ ግን፣ ‹እሺ፣ አሁንስ? የዛሬውን ሰማይ የሚያጠኑት እነማን ናቸው?› አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እኛ እኮ ዳሸን ሥር ነን፤ ከእኛ በላይ ለሰማይ የሚቀርብ የለም። ታዲያ ከዚህ ሆነን ምን እናያለን?»

አባቱ፣ «አንተ ልጅ፣ እንግዶቹ ደክሟቸዋል! ደግሞስ ሰማይ ማየት እንጀራ ይሆናል እንዴ?» ብለው ሊያቆሙት ሞከሩ። እኛም አንገታችንን ደፍተን፣ «መልሱን በሬዲዮ ትሰማዋለህ፣ ኢንሻ አላህ» አልነው። እነሆ መልሱ። የአባትየውንም ጥያቄ አልረሳነውም።

የአባቶቻችን ድርሻ

ዓምና የተናገርነው እውነት ነበር። ዐብዱ-ር-ረሕማን አስ-ሱፊ በኢስፋሃን ሆነው እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ ባዘጋጁት የኮከቦች መጽሐፍ፣ ዛሬ አንድሮሜዳ የምንላትን ጋላክሲ እንደ ትንሽ ደመና አድርገው መዝግበዋታል። ስለዚህች ጋላክሲ ከሚታወቁት መዛግብት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። ከእኛ ያላት ርቀት 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ጨለማ በሆነ ሌሊት ከስሜን ተራሮች ሥር ያለ ምንም መሣሪያ ትታያለች። ከአስ-ሱፊ በኋላ የመጡት ኢብኑል ሀይሠም ደግሞ በካይሮ ሆነው ስለ ብርሃን ታላቅ መጽሐፍ ጻፉ። የምናየው ዓይናችን ጨረር ስለሚልክ ሳይሆን ብርሃን ከሚታየው ነገር ተነስቶ ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን አስረዱ። ብርሃን በጠፍጣፋና በጎባጣ መስታወት ላይ እንዴት እንደሚነጥርም አስልተዋል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሊቃውንት ይመለከቱ የነበረው ዓይን የሚችለውን ብርሃን ብቻ ነው። ዓይን የማይችለው ብርሃን ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን።

ዳሸን ለምን አይበቃም?

ወድቆ እጁ የተሰበረ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ «ራጅ ተነሣ» ይባላል። ራጅ፣ በሌላ ስሙ ኤክስሬይ፣ ብርሃን ነው። ከምናየው ብርሃን የሚለየው ሞገዱ በመቶዎችና በሺዎች እጥፍ ያጠረ፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ የበዛ በመሆኑ ነው። ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳየውም ስለዚህ ነው። በሰማይ ይህን ብርሃን የሚሰጡት በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ የጋሉ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ ይህ የሰማይ ራጅ ለምን ወደ እኛ አይደርስም? አየር ስለሚውጠው ነው። አየር ቀላል ይመስለናል እንጂ በባሕር ጠረፍ ከቆመ ሰው በላይ ያለው አየር ቢመዘን 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር ይተካከላል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ዳሸን ጫፍ ላይ ብንቆም ከአየሩ 40 በመቶ የሚሆነውን ከሥራችን እንተወዋለን። ያም ሆኖ ከራሳችን በላይ 6 ሜትር ያህል ውኃ የሚመዝን አየር ይቀራል። ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣው ራጅ ይህን ሰንጥቆ ማለፍ አይችልም። ባይውጠው ኖሮ በምድር ላይ ያለ ሕያው ሁሉ ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ይህ መጋረጃ ራሕመት ነው።

እንግዲህ ለወጣቱ የምንሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፦ ለዚህ ብርሃን ዳሸንም ሜዳ ነው። ለማየት የፈለገ ከአየር በላይ መውጣት አለበት።

ከጎረቤታችን የተነሣችው ሳተላይት

ይህን በማሰብ በጣሊያን የተወለዱት ሪካርዶ ጂያኮኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በጁን 1962 ከአሜሪካ አንድ ሮኬት አስወነጨፉ። ሮኬቱ ከአየር በላይ የቆየው ስድስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ዓላማው የጨረቃን ራጅ ለመፈለግ ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ በኩል በዐቅራብ ኮከቦች አቅጣጫ እጅግ ደማቅ የሆነ የራጅ ምንጭ ታየ። በሌላ በኩል ደግሞ ሰማዩ በየትኛውም አቅጣጫ ፈዘዝ ባለ ራጅ ተሞልቶ ተገኘ። «ይህ ብርሃን ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል ሰዎችን ሲያደክም ኖረ።

ስድስት ደቂቃ ስለማይበቃ ሳተላይት ያስፈልግ ነበር። ውድ አድማጮቻችን፣ ሰማዩን በራጅ እንድታስስ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከየት እንደተነሣች ታውቃላችሁ? ከአሜሪካ ምድር አይደለም። ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ፣ በማሊንዲ አቅራቢያ ከባሕር ላይ ከቆመ የጣሊያኖች መድረክ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ሲሆን የኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት ነበር። ስለዚህ ሳተላይቷ «ኡሁሩ» ተባለች። ኡሁሩ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ዐረብኛ የምትቀሩ ልጆች ቃሉ «ሑር» ከሚለው መምጣቱን ወዲያው ታውቁታላችሁ። ሥራውን የመሩት ማርጆሪ ታውንሴንድ የተባሉ ሴት መሐንዲስ ናቸው።

ቦታው የተመረጠው ለውበቱ አልነበረም። ለምድር ወገብ በቀረበ ቦታ ምድር ስትሽከረከር ሮኬቱን የበለጠ ታግዘዋለች። በምድር ወገብ ዙሪያ የምትዞር ሳተላይት ደግሞ መሣሪያዋን ከሚያውክ የጨረር ቀበቶ ትርቃለች። ኡሁሩ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርታ 339 የራጅ ምንጮችን አስመዘገበች። በጋላክሲዎች ጉባኤ መካከል በዓይን የማይታይ እጅግ የጋለ ጋዝ መኖሩንም ያሳየችው እርሷ ናት። ጂያኮኒ ለዚህ ሁሉ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ የጀመረው በሩቅ አገር ብቻ አይደለም። አዛን በሚሰማበት የስዋሂሊ ጠረፍ፣ በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ነው። እኛ ግን ዓምና ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረውን ስንተርክ፣ ከጎረቤት የሆነውን አላነሳነውም ነበር።

ጠጠር በውኃ ላይ

ኡሁሩ ምንጮቹን ቆጠረች እንጂ ጥርት ያለ ምስል አላነሳችም። ለምስል መስታወት ያስፈልጋል። ራጅ ግን ፊት ለፊት በመጣበት መስታወት ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ አይነጥርም። መፍትሔው ምን ሆነ? በወንዝ ዳር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ጠፍጣፋ ጠጠር ከላይ ወደ ታች ብትጥሉት ይሰጥማል። ጎንበስ ብላችሁ ውኃውን ለጥቆ እንዲሄድ ብትወረውሩት ግን እየነጠረ ይሄዳል። ራጅም መስታወቱን እንዲሁ ገረፍ አድርጎ ካለፈ ይነጥራል። ስለዚህ የራጅ ቴሌስኮፕ መስታወት እንደ ሰሐን ሳይሆን እንደ በርሜል ነው። አንዱ በርሜል በሌላው ውስጥ ይቀመጣል፤ ብርሃኑ በውስጣቸው እየገረፈ ያልፋል። ኢብኑል ሀይሠም በመስታወት ላይ ያሰሉት ዓይነት ስሌት እዚህ ቦታ ላይ አዲስ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1999 ወደ ኅዋ የወጣው የአሜሪካው ቻንድራ አራት እንዲህ ያሉ መስታወቶች አሉት። ምስሉ ምን ያህል ጥርት እንደሚል ለመረዳት፣ ደባርቅ ላይ ቆሞ ዳባት ላይ በመዳፍ ስፋት ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ኩራዞችን ለይቶ እንደማየት አድርጋችሁ አስቡት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የወጣው የአውሮፓው ኤክስኤምኤም-ኒውተን ደግሞ ሦስት ቴሌስኮፖች ሲኖሩት፣ በእያንዳንዱ ውስጥ 58 መስታወቶች ተደራርበዋል። ቻንድራ ጥራቱ ይበልጣል፤ ኤክስኤምኤም የሚሰበስበው ብርሃን ይበዛል። ሁለቱም ከ25 ዓመት በላይ አገልግለዋል።

ባዶ በሚመስለው ቦታ

አሁን ወደዚያች የመካነ ብርሃን ሌሊት እንመለስ። በታኅሣሥ፣ ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት መካከል ወደ ደቡብ ዙሩ። በምሥራቅ በኩል በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ሦስት ኮከቦች አሉ፤ እረኛም ያውቃቸዋል። ከእነርሱ ራቅ ብሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአድማሱ እስከ አናታችን ባለው እኩሌታ ላይ፣ ብሩህ ኮከብ የሌለበት ባዶ የሚመስል ቦታ አለ። ቻንድራ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ፣ ከሙሉ ጨረቃ በሚያንስ ስፋት፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2016 እየተመላለሰ በድምሩ 7 ሚሊዮን ሴኮንድ ተመለከተ። ይህ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ቢቆጠር 81 ቀን ነው። በዚያች ቁራሽ ሰማይ ከ1,000 በላይ የራጅ ምንጮች ተገኙ።

አብዛኞቹ ኮከቦች አይደሉም። በሩቅ ጋላክሲዎች መካከል የተቀመጡ፣ ሳይንቲስቶች ጥቁር ጉድጓድ የሚሏቸው ናቸው። ከስበታቸው የተነሣ ብርሃን እንኳ አያመልጣቸውም። ራጁን የሚሰጠው ወደ እነርሱ እየተሽከረከረ የሚወድቀው ጋዝ ነው፤ ከመግባቱ በፊት በፍትጊያ እጅግ ይግላልና። ብዙዎቹ በአቧራና በጋዝ ተሸፍነው በተራ ቴሌስኮፕ አይለዩም። ራጅ ግን በሥጋ ውስጥ አልፎ አጥንትን እንደሚያሳይ፣ በአቧራው ውስጥ አልፎ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1962 የታየው ያ ፈዛዛ ብርሃን አብዛኛው የእነዚህ የሩቅ ጋላክሲዎች ብርሃን ድምር ሆኖ ተገኘ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ጭስ የሚመስለው መንደር ሲቀርቡት የብዙ ምድጃ ጭስ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ጥያቄው ግን አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያገኛት አንዲት ጋላክሲ ከመካከሏ ራጅ እንደምትሰጥ ቻንድራ አሳየ። ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ 13.2 ቢሊዮን ዓመት ተጉዟል። በጥንቱ ጊዜ፣ ጋላክሲዋ ገና ሕፃን ሳለች፣ ጥቁር ጉድጓዷ ቢያንስ 10 ሚሊዮን ፀሐዮች ያህል ይመዝን ነበር። በዚያ አጭር ጊዜ ያን ያህል እንዴት አደገ? ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩበት ነው።

ሰማዩን በጠቅላላ ማሰስም ቀጥሏል። ኢሮዚታ የተባለው የጀርመኖች ቴሌስኮፕ በሩሲያ መንኮራኩር ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ዙር አሰሳውን የጀመረው ኡሁሩ በተነሣችበት ዕለት፣ በዲሴምበር 12 ነው። በስድስት ወር ውስጥ ከሰማዩ በግማሹ ብቻ ወደ 900,000 የሚጠጉ ምንጮችን መዘገበ። ኡሁሩ ከሁለት ዓመት በላይ ለፍታ ያገኘችው 339 እንደነበር አስታውሱ። ከዚያ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የሁለቱ አገሮች ትብብር ተቋረጠና ቴሌስኮፑ ሥራውን እንዲያቆም ተደረገ። ጦርነት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የራቀን ዓይን ይጨፍናል። በደባርቅና በዳባት ያላችሁ አድማጮቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በቅርብ ዓመታት ጦርነት የስንቱን ልጅ ደብተር እንደዘጋ አይታችኋልና።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቋመ። በእንጦጦ ተራራ ላይ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቁ። በሰርቢያ የተወለዱት ዶክተር ሚርያና ፖቪች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አዲስ አበባ መጥተው ወጣት ተመራማሪዎችን አሠልጥነዋል። እርሳቸው ቀድሞ ከሠሩባቸው ጥናቶች አንዱ በኤክስኤምኤም-ኒውተን በጥልቀት በታሰሰ የሰማይ ክፍል ውስጥ፣ ራጅ የሚሰጡ ጋላክሲዎች ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳላቸው የሚመረምር ነበር። ሴት ልጆቻችሁን «ፊዚክስ የወንድ ነው» የምትሉ ወላጆች የማርጆሪ ታውንሴንድንና የእኚህን ሴት ስም ያዙልን።

አሁን ዋናውን እንናገር። ለዚህ ሥራ ቴሌስኮፑ የእኛ መሆን የለበትም። ቻንድራና ኤክስኤምኤም የሚሰበስቡት መረጃ ምልከታውን ላቀደው ተመራማሪ ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት ነው። ኢሮዚታም የመጀመሪያ ዙር መዝገቡን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ለሁሉም ከፍቷል። ከእነዚያ ወደ 900,000 ከሚጠጉ ምንጮች አብዛኞቹን አንድ በአንድ የመረመራቸው ሰው የለም። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒዩተር፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ የያዘ ወጣት ጎንደር ወይም ደባርቅ ተቀምጦ ማንም ያላስተዋለውን ሊያገኝ ይችላል።

ልጃችን፣ መልስህ ይኸውልህ። ሰማዩን ዛሬ የሚያጠኑት የሚያሰሉ ሰዎች ናቸው፤ ዘርም ተራራም አይጠይቃቸውም። ከእነርሱ ለመቆጠር በአስ-ሱፊ መኩራት አይበቃም። አስ-ሱፊ በራሳቸው ዘመን ከነበሩት ቀደምት የግሪክ መዛግብት ተምረው፣ በራሳቸው ዓይን ፈትሸው፣ ስሕተቱን አርመው ነው ለዚያ የበቁት። የአባትን ዕውቀት መተረክ ዕውቀት አይደለም። ዓምና እኛ ያጎደልነው ይህን ነው፤ ያስታወስከን አንተ ነህና ጀዛከላሁ ኸይረን።

የተከበሩ አባቱ ደግሞ «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው ነበር። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የኡሁሩን መሣሪያ የሠራው ኩባንያ በዚያው ዕውቀት የሻንጣ መፈተሻ ራጅ ሠርቶ ሸጧል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ያስወነጨፈቻት የመጀመሪያ ሳተላይት የተላከችው መሬትንና ሰብልን ለመቃኘት ነው። የሳተላይት ምስል ማንበብ የቻለ ልጅ ጋላክሲም ያነብብበታል፤ የጃናሞራን የገብስ ማሳም ያነብብበታል። ስለዚህ አባባ፣ ልጁን ከሒሳብ ደብተሩ አያስነሡት።

በመጨረሻም ለሁላችን። መስጂዶቻችን ክረምት ላይ ክፍት ክፍል አላቸው። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን በክረምት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብና ፊዚክስ ለታናናሾቻቸው ቢያስጠኑ የሚጠይቀው ጠመኔና ሰሌዳ ነው። የተመቸው ደግሞ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ያክልበት። መረጃውን ከጎንደር በፍላሽ ይዞ መምጣት ይቻላል። እኛም በበኩላችን ከእንግዲህ ስለ ቀደምት ሊቃውንት ባነሳን ቁጥር፣ ዛሬ ምን መሥራት እንደሚቻል ሳንናገር ዝግጅታችንን ላንዘጋ ቃል ገብተናል።

መካነ ብርሃን፣ ስምሽ የብርሃን ቦታ ነው። በሚመጣው ታኅሣሥ ልጆችሽ ከደጃፍ ወጥተው ወደ ደቡብ ሲመለከቱ፣ ያ ባዶ የሚመስለው ቦታ ባዶ እንዳልሆነ ያውቃሉ። አላህ ዕውቀታችንን ይጨምርልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።